አረንጓዴው ብርቱካን

ትናንት፣ ልጄ፣ ጉርድ ሾላ ላይ አረንጓዴ ብርቱካን ሳነሳ ያየችኝ ሻጭ፣ «እሱ አልበሰለም እናቴ፣ ቢጫውን ልምረጥልዎት» አለችኝ። ልጣጩን በጥፍሬ ፋቅ አድርጌ አሸተትኩትና በአንዴ የሃያ ዓመት ልጅ ሆንኩ።

ያኔ ከየካ ሚካኤል በታች የሚገኝ መጋዘን ውስጥ እሠራ ነበር። መጋዘኑ የአንድ ነባር ኩባንያ ነው፤ ቆላ ላይ ብርቱካን ያለማል፣ ከተማ ውስጥ ደግሞ ቤት እየገነባ ይሸጣል። ሰባት ሴቶች ሆነን በጭነት መኪና የሚመጣውን ብርቱካን እንመርጣለን። ከእንጦጦ የሚወርደው የጠዋት ብርድ በቆርቆሮው ሥር ገብቶ ጣታችንን ያደነዝዘው ነበር። ሽታው ግን ልብሳችን ላይ ስለሚቀር ታክሲ ውስጥ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ያየናል።

ሥራውን ያስተማሩኝ ከሁላችን የቆዩት ሴትዮ ናቸው፤ «እትዬ» እንላቸው ነበር። በመጀመሪያው ቀን አረንጓዴውን ሁሉ እንደ ጥሬ ስጥል አይተው፣ «አንቺ ልጅ፣ ቆላ ሌሊቱም ይሞቃል፤ ቢጫ ሳይሆንም ይበስላል። ዓይንሽን አትመኚው፣ በእጅሽ መዝኚ» አሉኝ። ለጡረታቸው ሁለት ዓመት ቀርቷቸው ነበር።

በሦስተኛው ሳምንቴ የግንባታው ክፍል ኃላፊ ሽማግሌውን የኩባንያውን ባለቤት ይዞ መጣ። ቦታችን ላይ አፓርታማ ለመሥራት ከቋመጠ ቆይቷል። ከሣጥኑ አንድ አረንጓዴ አንስቶ፣ «ይኸው፣ ጥሬ እየሸጥን ነው ደንበኛ የሸሸን። በዚህ ወር እንዝጋው» አለ። ሁላችንም እትዬን አየናቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሽርጣቸውን ጨምድደው ይዘዋል። ከዚያ ዕድሜ በኋላ ማን ይቀጥራቸዋል?

አፌ እንደማያርፍ ታውቃለህ፤ ያኔም አላረፈም። ባለቤቱን «ጌታዬ፣ ዓይንዎን ጨፍነው ሁለት ቁራጭ ይቅመሱልኝ» አልኳቸው። ኃላፊውን ደግሞ «ቢጫውን እርስዎ ይምረጡልኝ» አልኩት። በጣም የሚያምረውን መረጠ። ስቀበለው ቀለለኝ፤ ሰንብቶ የደረቀ ነበር። አረንጓዴውን ያቀበሉኝ እትዬ ናቸው፤ እሱ እንደ ድንጋይ ይከብዳል።

ሽማግሌው የመጀመሪያውን አላምጠው ገለባውን ተፉት። የሁለተኛው ጭማቂ በአገጫቸው ላይ ወረደ። «ብርቱካን ማለት ይኼ ነው» ብለው ዓይናቸውን ሲገልጡ፣ እጄ ላይ አረንጓዴውን ልጣጭ አዩ። ወደ ኃላፊው ዞረው ረጋ ብለው፣ «አፓርታማህን ሌላ ቦታ ፈልግለት» አሉት።

እትዬ፣ እኚያ ሲስቁ እንኳ አይተናቸው የማናውቅ ሴት፣ እልልታቸውን አቀለጡት። ስድስታችንም ተቀበልናቸው፤ ቆርቆሮው አስተጋባ። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም፣ በሠርጌ ቀን እንኳ። ምሳ ሰዓት ላይ የተረፈውን ብርቱካን ለሁለት ከፍለው ትልቁን ለእኔ ሰጡኝ። «ከዛሬ ጀምሮ ከጎኔ ነሽ» አሉኝ።

እትዬ በክብር ጡረታ ወጡ። አፓርታማው የተሠራው እሳቸው ካረፉ በኋላ ነው። አሁን በዚያ በኩል ሳልፍ አንጋጥጬ አየዋለሁ፤ አሸንፈነው እንደነበር አያውቅም።

ትናንት አንዱን አረንጓዴ በእጄ መዝኜ እዚያው ቆረጥኩና ግማሹን ለሻጯ ሰጠኋት። ቀመሰችው። ከዚያ ሌላ አረንጓዴ አንስታ በመዳፏ መዘነችው።

«ማን አስተማረዎት፣ እትዬ?» አለችኝ።

እንዲህ ተብዬ ስጠራ የመጀመሪያዬ ነበር። የቀረኝን ግማሽ ለሁለት ከፍዬ ትልቁን ሰጠኋት።