መርዶውን የቀደመ አበባ

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ከአገር ወጥቼ፣ ያን ጊዜ የምኖረው አድሊስቪል ነበር። ከዙሪክ አጠገብ ያለች፣ ማታ ማታ ሰው የማይታይባት ትንሽ ከተማ ናት። የያዝኩት ፈቃድ ከስዊዝ ውጭ አያስኬድም። ሥራዬ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በሚጦሩበት ቤት ነው።

ያን ቀን ከጠዋት ፈረቃ ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ በሩ ተደወለ። የአበባ ሱቅ ሠራተኛ ናት፤ ነጭ በነጭ የሆነ ትልቅ እቅፍ አበባ ይዛለች።

«ባይላይድ» አለችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ቃሉን አውቀዋለሁ። በምሠራበት ቤት አንድ ሽማግሌ ሲያርፉ ልጆቻቸውን የምናጽናናበት ነው።

«ተሳስተዋል። እዚህ ቤት ሰው አልሞተም» አልኳት።

ከወረቀቷ ላይ ስሜን አነበበችልኝ። የኔው ነው። «ከጄኔቭ ነው የታዘዘው፤ ዛሬውኑ ይድረስ ተብሎ…» አለችና ፊቴን አይታ እቅፉን ዘረጋችልኝ። አበባውን ተቀበልኳት። ያመሰገንኳትም ይመስለኛል።

ጄኔቭ የማውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ስደተኛ ካምፕ ክፍል የተጋራን፣ ከዚያ ወዲህ እህቴ የምላት፣ ቶኔ በምትባል የጄኔቭ ዳርቻ የምትኖር ልጅ። ደወልኩላት።

«ማን ነው የሞተው?»

«እንዴ! አልመጡም እንዴ? ጠዋት እናረዳታለን ብለውኝ ነበር እኮ! እኔን ከሥራ አልለቅ ብለውኝ፣ እስክደርስ ብቻሽን እንዳትሆኚ ብዬ…»

«እማዬ ናት?»

ስታለቅስ ሰማኋት።

የቤተ ክርስቲያን ሰዎች በማለዳ ሊመጡ አስበው፣ ሥራ መግባቴን ሲሰሙ ለእሑድ አስተላልፈውት ኖሯል። ለጄኔቭዋ እህቴ ግን የነገራት የለም። ወሬው ደርሷቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲመጡ ወለሉ ላይ አገኙኝ። ከዚያ ሁላችንም ጮኽን። የታችኛው ቤት ጎረቤት በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን ሲደበድብ ጊዜ እጃችንን አፋችን ላይ ጭነን አለቀስን።

እህቴ በባቡር ደርሳ እግሬ ላይ ወደቀች። አነሣኋት። አልተቀየምኳትም፤ ለመቀየምም ጉልበት ያስፈልጋል።

በማግስቱ አዲስ አበባ ወንድሜ ዘንድ ደወልኩ። ለሳምንታት አንዴ «ጸበል ሄዳለች»፣ አንዴ «ተኝታለች» ሲለኝ የከረመው እሱ ነው።

«መቼ ነው?» አልኩት።

«አርባዋን አውጥተናል።»

«እኔን አልጠየቀችም?»



«በየቀኑ ነበር የምትጠይቀው። መንገድ ላይ ናት፣ እየመጣች ነው እንላታለን። አንድ ቀን፣ እንግዲያው ፀጉሬን ሥሩኝ፣ ልጄ እንዲህ ሆኜ እንዳታየኝ አለች። ሠራናት። ቀኑን ሙሉ ወደ በሩ ዞራ ተኛች።»



ከዚያ ወዲህ አገር ቤት መደወል ትቻለሁ። እሱ ሲደውል ግን አነሣለሁ። ሁላችንም ደህና ነን ይለኛል፤ አላምነውም።