ለሐኪም ቤቷ ሴት የቆጠርኩት ወንድሜ

የዘር ምርመራ ክፍሏ ሴትዮ የዘመዶቼን ሐረግ የምትስልበት ወረቀት ላይ አራት ማዕዘን ሥላ በጥቁር ቀባችው። ቀና አለችና ትልቋን ልጄን፣ «አንቺስ ልጅ አለሽ?» አለቻት። ልጄ እንድታስተረጉምልኝ ነበር የመጣችው፤ የሦስት ወር እርጉዝ ናት። እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። እኔ ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት።

የመጣነው ለትንሹ ልጄ ነበር። አምስት ዓመቱ ነው፣ አይናገርም፤ ኦቲዝም አለበት ብለውናል። ምክንያቱ ከዘር ይሆን እንደሆነ ደሙ ይታይ ተባለ። ሴትዮዋ ዘመዶቼን ስትጠይቀኝ አንድ በአንድ ቆጠርኩላት። አፉን ሳይፈታ በአሥር ዓመቱ የሞተ ወንድም ነበረኝ አልኳት። ጥቁሩ እሱ ነው። በእናት በኩል የሚወርድ በሽታ ሊሆን ይችላል፣ ሴት ልጅሽም ይዛው ለጽንሷ ታወርሰው ይሆናል አለች። የልጁን ደም ቀድተው ሸኙን።

ወደ ቤታችን ወደ ኖርክሮስ ስንመለስ የምትነዳው ትልቋ ልጄ ነበረች። ያንን ወንድሜን እናቴ አልወለደችውም። ጎረቤታችን በወሊድ ስትሞት ከእኔ ጋር አጥብታ አሳደገችው። አባቴ፣ «ባዳ ነው የሚል ከቤቴ ይውጣ» ብሎ ነበር። እኔ ለባሌ እንኳ ትንፍሽ አላልኩም።

«አጎትሽ በሥጋ አይዛመደንም» አልኳት።

ነዳጅ ማደያ ገብታ ፓርክ አደረገች።

«ምን? ፎቶውን ሳሎን ሰቅለሽ፣ እሱን ትመስያለሽ ስትዪኝ አልነበር እንዴ!»

«ግንባርሽ ይመስለዋል።»

«ኦ ማይ ጋድ፣ እማ!» ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ። «እዚያው አትናገሪም ነበር?»

«የአባቴን አደራ ለማላውቃት ሴት እንዴት ልንገራት?»

ከማደያው የሕዝብ ስልክ ለሴትዮዋ ደውላ ነገረቻት። ሴትዮዋ አመስግና ሰረዘችው። ሰረዘችው ስትለኝ ከፋኝ፤ ወንድሜ ነው። የእሱ መሰረዝ ብቻውን ግን አልበቃም፣ የልጁን ደም ውጤት መጠበቅ ነበረብን። ሦስት ሳምንት ስልክ በጮኸ ቁጥር ሮጬ አነሳ ነበር። ልጄም ለሕፃኑ አንዲት ካልሲ እንኳ አልገዛችም።

ውጤቱን ለመስማት ሁለታችንም ሄድን። ሴትዮዋ ገና ሳንቀመጥ ነገረችን፤ ልጁ ያ በእናት የሚወርደው በሽታ የለበትም፣ ሴት ልጄም መመርመር አያስፈልጋትም። ኦቲዝሙ ከምን እንደመጣ ግን አላወቁም። ትንሹ ልጄ ዛሬም አይናገርም፣ እጄን ይዞ የሚፈልገውን ያሳየኛል። የፈራሁት ለእርጉዟ ልጄ ነበር። እሷ ከዚያ ነገር ነፃ ናት፤ እኔም ፍርሃቱ ለቆኛል።