ኧርቪንግ ላይ የቆመው ሽምግልና

ቅዳሜ ጠዋት ከካሮልተን የተነሣነው ሦስት ሽማግሌዎች ነን። ሽማግሌ የምለው ለወጉ ነው እንጂ የእኔ ፀጉር ገና አልሸበተም፤ የተመረጥኩት መኪናዬ ሰፊ ስለሆነና የእህቴ ልጅ ናሆም ስለለመነኝ ነው። ናሆም እዚሁ ያደገ ልጅ ነው። ራሔል የምትባል የአርሊንግተን ልጅ ማግባት ይፈልጋል፤ እኛም ልጅቷን ልንጠይቅ ለሁለተኛ ጊዜ ወደ አባቷ እየሄድን ነው። በመጀመሪያው ቀጠሮ አርፍደን ነበር። አባቷ አቶ መኮንን በር ላይ ቆመው፣ ሰዓት ለማያከብር ቤተሰብ ልጄን አልሰጥም ብለው መለሱን። ዛሬም ካረፈድን ሌላ ቀጠሮ የለም ብለው በራሔል በኩል ልከዋል።

ስለዚህ በጊዜ ወጣን። አጠገቤ የተቀመጡት ጋሽ ወርቁ ናቸው፤ ንግግሩን የሚያደርጉት እሳቸው ናቸው። በዚያ የቴክሳስ ሙቀት ጋቢ ደርበው፣ ይባስ ብለው ኤሲውን ቀንስልኝ ይሉኛል። ከኋላ ጋሽ ሰይፉ አሉ። አገር ቤት ከባድ መኪና ይነዱ ስለነበር አነዳዴን ሲተቹ አፋቸው አላረፈም። የክፍያ መንገዱ ጭር ብሎ ነበር። አውሮፕላኖቹ ከላያችን ዝቅ እያሉ ያርፋሉ። ዛሬስ ተሳካልን ብዬ ደስ አለኝ።

ኧርቪንግ፣ ነዳጅ ማደያ

መንገዱን አጋምሰን ኧርቪንግ ስንደርስ ጋሽ ወርቁ ሽንት ቤት ካልገባሁ አሉ። አርሊንግተን ቅርብ ነው ብላቸው፣ ሽንት ይዤ ንግግር አልችልም አሉኝ። ነዳጅ ማደያ ገብቼ ሞተሩን አጠፋሁ። ምነው እጄን በቆረጠው!

ተመልሰው ሲገቡ ቁልፉን አዞርኩ። ቀጭ ቀጭ ቀጭ ቀጭ። መብራቱ ይበራል፣ ይደበዝዛል፤ ሞተሩ ግን ንቅንቅ የለም። ደገምኩት። ቀጭ ቀጭ ቀጭ ቀጭ። መኪናው የሚያሾፍብኝ መሰለኝ።

"ሞተሪኖው ነው" አሉ ጋሽ ሰይፉ ከኋላ። ሞተሩን የሚያስነሣውን ዕቃ ማለታቸው ነው። ባትሪው እንዳይሆን ብላቸው፣ ባትሪ ቢሆን መብራቱ መች ይበራ ነበር ብለው ዘጉኝ። ኮፈኑን ከፍተን ትንሽ አፈጠጥንበት። ከዚያ ጋሽ ሰይፉ ወደ ሱቁ ገብተው ሞተሪኖ እንዲሸጡላቸው ጠየቁ። ቃሉ እንግሊዝኛ ይመስላቸው ነበር። ሻጯ አስባ አስባ የሞተር ዘይት ሰጠቻቸው፤ እሳቸውም ላለማፈር ገዝተውት መጡ።

ታክሲ እንጥራ አልኩ። ጋሽ ወርቁ በኪራይ መኪና ሄጄ የሰው ልጅ አልጠይቅም አሉ። ደግነቱ አንድ ባለ ፒክአፕ ሰውዬ ኬብል አውጥቶ ባትሪያችንን ከራሱ ባትሪ ጋር አገናኘልን። ቁልፉን አዞርኩ። ቀጭ ቀጭ ቀጭ። ጋሽ ሰይፉ "አላልኩም?" የሚል ፊት አሳዩኝ። ሰውየው ትከሻውን ሰብቆ ሄደ።

"እንግፋው" አሉ ጋሽ ወርቁ። አውቶማቲክ መኪና በግፊ አይነሣም ብዬ ብለምን ማን ሰምቶኝ። ጋቢያቸውን አገልድመው ከጋሽ ሰይፉ ጋር ከኋላ ይገፋሉ፤ እኔ ውስጥ ሆኜ መሪ እይዛለሁ። ሁለት የተከበሩ ሰዎች ላብ በላብ ሆነው ማደያውን አዞሩኝ። ነዳጅ የሚቀዳ ሁሉ ያየናል። ያን ያህል የተናደድኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

በዚህ መሃል ናሆም ደወለ። "አጎቴ፣ ዌር አር ዩ? ማለቴ፣ የት ደረሳችሁ? አባቷ እየጠበቁ ነው።" የቆምንበትን ማደያ ጠርቼ እውነቱን ነገርኩትና ለራሔል እንዳትነግራት ብዬ አስጠነቀቅኩት። ወዲያው ነገራት። እሷ ደግሞ ለአባቷ።

ብዙም ሳይቆይ አቶ መኮንን ራሳቸው ከች አሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሰላምታ ሰጥተውን ወደ ተከፈተው ኮፈን ሄዱ፤ የባትሪውን ማሰሪያ ያዝ አድርገው ሲነቀንቁት ሊወልቅ እንደ ደረሰ ጥርስ ተወዛወዘ። ከሥሩ ነጭ ዝገት ይዞት ነበር። ከመኪናቸው የኋላ ዕቃ መጫኛ ዐሥር ቁጥር ቁልፍ አመጡ፤ ማሰሪያውን ፈተው ዝገቱን ፈቀፈቁት፣ መልሰውም አጠበቁት። "አስነሣ" አሉኝ። በአንድ ጊዜ ተነሣ። ሦስት ሆነን ስንፈላሰፍ ማሰሪያውን በእጁ የነካ አንድም ሰው አልነበረም።

"በሉ ግቡ፣ ፀሐዩ ከባድ ነው" አሉ አቶ መኮንን።

ጋሽ ሰይፉ በሩን ሊከፍቱ ሲሉ ጋሽ ወርቁ እጃቸውን ያዟቸው። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ መልስ ሳያገኝ ተቀመጡ ቢሉትም አይቀመጥም።

"አንቀመጥም፣ አቶ መኮንን" አሉ። "ቀጠሯችንን ማፍረሳችንን እናውቃለን። ቢሆንም ልጅዎን ራሔልን ለልጃችን ለናሆም እንዲሰጡን ቆመን እንለምናለን።"

"እዚህ? ነዳጅ ማደያ?"

"የቆምነው እዚህ ነው።"

አቶ መኮንን የጋሽ ወርቁን ላብ፣ የጋሽ ሰይፉን የዘይት ጠርሙስ፣ በመጨረሻ እኔን አዩ። የናሆም ነገር በእኔ መኪና ምክንያት ሊበላሽ ነው ብዬ ሰጋሁ። ከዚያ ማሰሪያውን የፈቱበትን ቁልፍ በመሐረብ ጠርገው ለጋሽ ወርቁ ሰጧቸው።

"ይሄን ለልጁ ስጡት። ልጄን ይዞ መንገድ ላይ እንዳይቆም።"

ጋሽ ወርቁ ቁልፉን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። ከዚያ መኪናው ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። አቶ መኮንን ለራሔል እኔው እነግራታለሁ፣ እናንተ ግን ሞተሩን ሳታጠፉ በቀጥታ ወደ ቤታችሁ ሂዱ አሉን። አርሊንግተንን ሳናያት ተመለስን።

ካሮልተን

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ሽማግሌ ጭኖ ሞተር ማጥፋት እንደማይገባ ነው። ጋሽ ሰይፉ ግን እስከ ካሮልተን ድረስ ሞተሪኖውን አስፈትሸው ሲሉኝ ነበር።

ናሆም ከአፓርትመንቴ ደረጃ ሥር ቆሞ ይጠብቀኛል። "አጎቴ፣ ምን አሉ?"

"ቁልፍ ልከውልሃል" ብዬ ሰጠሁት።

አገላብጦ አየው። "ይሄ እኮ ሬንች ነው። ቁልፍ አይደለም።"

"በአማርኛ ቁልፍ ነው። ልጄን ይዞ መንገድ ላይ እንዳይቆም ነው ያሉት።"

ቃላቱን አንድ በአንድ በከንፈሩ ደገማቸው። "ልጄን ይዞ" የሚለው ላይ ሲደርስ ቁልፉን እንደያዘ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።