ወተት የሚጠጣው ጣዖት

እናቴ የማዳምን ቤት ከዳር እስከ ዳር ትወለውል ነበር፤ አንዲቱን መደርደሪያ ግን በጨርቅ ጫፍ እንኳ አትነካም። መደርደሪያዋ ላይ እግሩን አጣጥፎ የተቀመጠ፣ ዓይኑን የከደነ፣ ወርቅማ ቀለም የተቀባ የእንጨት ምስል ነበረ። ቁመቱ ከክንድ አይበልጥም። ማዳም የቡድሃ ምስል መሆኑን ነግራታለች፤ እናቴ ግን ስሙን ብጠራ ምላሴ ይረክሳል ብላ «ያ ነገር» ነበር የምትለው።

ማዳም ቬትናማዊት ነበረች። ባሏ ፈረንሳዊ ነው። እሷ አገር ሲዋጋ ኖሮ ጦርነቱ ሲያበቃ ባቡር ላይ ሥራ አግኝቶ ከነሚስቱ ድሬዳዋ መጣ። ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ካሉት ቤቶች በአንዱ ይኖሩ ነበር። የከተማው ሰው ቬትናም የት እንዳለ ስለማያውቅ «ቻይናዋ» ብሎ ተገላገለ። ድሬ እንዲህ ናት፤ የመጣውን ሁሉ ትቀበላለች፣ ስም ግን እንዳሻት ታወጣለታለች።

ማዳምና እናቴ የሚነጋገሩት ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ ፈረንሳይኛ፣ የቀረው በእጅ ምልክት በሆነ ቋንቋ ነው። ያም ሆኖ ይግባቡ ነበር። እናቴ ወባ ጥሏት በተኛች ሰሞን ማዳም የደቻቱን ወንዝ አሸዋ በእግሯ አቋርጣ፣ መጋላ ሰፈር እኛ ቤት ድረስ የዶሮ ሾርባ በድስት ይዛ መጣች። የግቢው ሰው በሙሉ ወጥቶ አያት። ድስቱን ከእጇ ሳታስቀምጥ እናቴን በማንኪያ አጠጣቻት።

ጠዋት ጠዋት ለምስሉ ሙዝ ወይም ብርቱካን ታስቀምጥለታለች። አጠገቡ ደግሞ በትንሽ ስኒ ስኳር የገባበት ትኩስ ወተት። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ታወራዋለች። እናቴ ማታ ቤት ስትገባ ይህን እያስመሰለች ታሳየኝ ነበር።

«ጣዖት ወተት ይጠጣል? ያውም በስኳር!» ትልና በሳቅ ትፈርሳለች።

«አንቺስ ለእመቤታችን ሥዕል ጧፍ ታበሪ የለ? ጨለማ ትፈራለች እንዴ?» እላታለሁ እኔ።

ያን ጊዜ ሳቁ ቀጥ ይላል። እኔ ሃያን አልፌ ከግሪኩ ልብስ ሰፊ ዘንድ ቁልፍ እተክል ነበር፤ ቢሆንም ለእንዲህ ያለው ንግግር ነጠላዋን ሰብስባ ትወረውርብኛለች።

አንድ ክረምት የማዳም ባል ታመመ። አገሩ ወስዶ ማሳከም ግድ ሆነ፤ ቤቱንም ለሌላ ሰው መልቀቅ ነበረባቸው። ማዳም ዕቃዋን ሸጠች፣ የቀረውን በሣጥን አሸገች። ምስሉን ግን በሐር ጨርቅ ጠቅልላ እናቴ እቅፍ ውስጥ አስቀመጠችው። መርከብ ላይ ከዕቃ ጋር ተዘቅዝቆ እንዲሄድ አልፈለገችም። እመለሳለሁ አለች። ከዚያ ከአማርኛችን አጥርታ የምታውቃትን አንዲት ቃል ተናገረች።

«አደራ።»

እናቴ እምቢ ማለት አልቻለችም። ያ ሾርባ በአንጀቷ ነበር። ጥቅሉን ተሸክማ ደቻቱን ተሻገረች፣ አልጋዋ ሥር ካለው የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ከተተችው፣ በላዩም የአባቴን ካፖርት ደረበችበት።

እዚያው ቢኖር ምን ነበረበት? ግን እናቴ ለመቁረብ እየተዘጋጀች ነበር። አባቴ ከሞተ ጀምሮ የምትመኘው ሥጋ ወደሙን ነው፤ ሌላ ምኞት ሲወጣት ሰምቼ አላውቅም። ለንስሐ አባቷ ኃጢአቷን ስትዘረዝር ሣጥኑን መዝለል አልሆነላትም። እሳቸውም ያ ነገር ከቤትሽ ሳይወጣ አትቆርቢም አሏት።

«አደራ ነው እኮ አባቴ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባል የለ?»

«ለጣዖት አደራ ካልሽ፣ ልጄ፣ ሰማዩ የባሰ ይርቅብሻል» ብለው መለሱላት።

እናቴ መላ አጣች። ማዳም እስክትመለስ ሌላ ሰው ያስቀምጥልኝ ብላ የቤታችን ባለቤት ዘንድ ሄደች። አከራያችን ጨርቅ የምትነግድ፣ ልበ ሰፊ ሱማሌ ነበረች።

«ሰነም? ጣዖት በእኔ ጣራ ሥር? ወላሂ አይሆንም! አቦ ተዪኝ! እስካሁን እዚህ ማደሩን ባውቅ ቤቴን አስለቅቅሽ ነበር» አለቻት።

ቄሱና ሱማሌዋ በሃይማኖት ነገር ሲስማሙ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። እኔ ግሪኩ ሱቅ ጓዳ ልደብቀው ብዬ ነበር። እናቴ አልሰማችኝም፤ ከቤት ቢወጣም የኔ ነው፣ እግዚአብሔር የግሪኩን ጓዳ አያይም ወይ ብላ ዘጋችኝ።

በመጨረሻ ለቄሱ እሺ አለች፤ እሳቸውም ቅዳሜ ጠዋት መጡ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህን የምጽፈው እውነት ስለሆነ እንጂ ደስ ብሎኝ አይደለም። ጸበል ረጩ፣ ዳዊት ደገሙ፣ ከዚያ ምስሉን ግቢው መሀል አስቀመጡና ከሱማሌዋ የከሰል እንጨት መፍለጫ መጥረቢያ ተዋሱ። በግንባሩ መቱት። ወርቁ ተፈነጠረ። ሁለተኛው ምት ጀርባውን ከፈለው።

ውስጡ ባዶ አልነበረም። ከሆዱ በቀይ ጨርቅ የተቋጠረ ነገር ወደቀ። ቄሱ ፈቱት፤ ባለ ብዙ ቀለም ክር፣ ጥቂት የሩዝ ፍሬ፣ ጽሕፈት የሞላበት ጥቅል ወረቀት ወጣ። ሱማሌዋ እጇን አንገቷ ላይ ወዳንጠለጠለችው ክታብ ሰደደች። ቄሱም አጎንብሰው ወረቀቱን አዩት፤ ክታብ ምን እንደሚመስል ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም። እንዲህ ያለ ነገር ከተሰፋ በኋላ እንደማይከፈት ሁላችንም እናውቃለን።

ከሁሉ በታች በክር የታሰረ ጸጉር ነበር። ጥቁር፣ ስስ፣ እንደ ጥጥ የለሰለሰ። የሕፃን ጸጉር።

«ወተቱ…» አለች እናቴ። መሬት ላይ ቁጭ አለች።

እስከዚያ ሰዓት ድረስ ማዳም ልጅ እንደነበራት አላወቅንም። ስንት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ስታወራው የነበረችው ለካ ልጇን ነው። እኔና እናቴ ደግሞ እቤታችን ተቀምጠን እያስመሰልናት ስንስቅ ኖረናል። ያን ሳቅ ባስታወስኩት ቁጥር ዛሬም ያመኛል።

እንጨቱና ወረቀቱ ተቃጠለ። ጸጉሩን ግን እናቴ በእጇ ጨብጣ አልሰጥም አለች። ሰው ነው፣ ቢያንስ እንደ ሰው ይቀበር ብላ ለመነች። ቄሱ ሆዳቸው ራራ፤ ነገር ግን ያልተጠመቀ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አይቀበርም። ከአጥሩ ውጭ፣ ከጭቃው ግድግዳ ሥር ጉድጓድ ምሳ ቀበረችው። ደግ የሠራች መስሏት ነበር። ሣጥኗ ውስጥ ብታቆየው ኖሮ ቢያንስ እሱ ይተርፍ እንደነበር ለሁለታችንም የታየን ዘግይቶ ነው። በሚቀጥለው እሑድ ቆረበች፤ ፊቷ ግን የቆረበ ሰው ፊት አልነበረም።

ማዳም የተመለሰችው በዓመቱ ገደማ ነው። ከራስ እስከ እግሯ ነጭ ለብሳ ግቢያችን ገባች። እናቴ «እሰይ! ሰውየው ድኗል ማለት ነው» ብላ እልል ልትል አፏን ከፈተች። በእነሱ አገር የሐዘን ልብስ ነጭ ነው። ባሏን እዚያ ቀብራ፣ አደራዋን ልትወስድ መምጣቷ ነበር።

እናቴ አልዋሸችም። እያለቀሰች በእጇም በአፏም ሁሉንም ነገረቻት፤ መጥረቢያውን በምልክት ስታሳይ ማዳም ዓይኗን ጨፈነች። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ፣ አልጮኸችም። ራሷን ነካ አድርጋ ስለ ጸጉሩ ብቻ ጠየቀች።

ወሰድናት። ስንደርስ ያ የጭቃ ግድግዳ የለም። የሰበካው ሰዎች አፍርሰውት፣ አዲስ መሠረት ቆፍረው በድንጋይ ገንብተውታል። እናቴ ወዲያና ወዲህ ተራመደች፣ እዚህ ጋ ነው አለች፣ ደግሞ የለም እዚያ ነው አለች። መጨረሻ ላይ እጇን ጣለች። ማዳም ጥቂት ቆማ አየችና መንገዱን ተሻግራ ከሻይ ቤቱ አንድ ጣሳ ወተት ገዛች፤ ስኳር አስጨመረችበት። ልጇ የት ጋ እንዳለ ስላላወቀች፣ ከአጥሩ አንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ በቀስታ እያፈሰሰች ሄደች።

በማግስቱ በጅቡቲ ባቡር ወጣች፣ ከዚያ ወዲያ ወሬዋን አልሰማንም። ለገሃር ስንሸኛት ባቡሩ ሊንቀሳቀስ ሲል የእናቴን እጅ በመስኮት ያዘች።

«ወተት» አለች። «አደራ።»

አደራዋን ለበላችባት ሴት እንደገና አደራ ትሰጣለች ብሎ ማን ይገምታል? እኔ ብሆን ኖሮ ፊቷ ላይ ነበር የምተፋው።

እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ወተት መያዝ ጀመረች። ዐቢይ ጾም ገባ፤ የደብሩ ሴቶች እያዩዋት፣ በጾም ወተት እየገዛች ከአጥሩ ሥር አፈሰሰች። ወሬው ቄሱ ጆሮ ደረሰ። ቤታችን መጥተው ተቀመጡ፣ ይህ ለጣዖት መገበር ነው አሉ፣ ካልተወች እንደማያቆርቧት ነገሯት። ሁለተኛው ምርጫዋ መሆኑ ነው። ለእናቴ ከቁርባኗ የሚበልጥ እንደሌለ ስለማውቅ፣ ወተቱን ትተዋለች ብዬ ጣሳውን ልደብቀው ተነሣሁ።

እሷ ግን ቀድማኝ አነሣችው፤ ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ቆመች።

«አባቴ፣ አንድ ጊዜ ታዝዤዎታለሁ» አለቻቸው።