መርዶ ይዤ ወደ ራቤል

ሐሙስ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ አዲስ አበባ

የመሐል ሜዳው አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ ይንተከተካል። ጣሪያው ላይ የዘይት ጀሪካን፣ የፕላስቲክ ወንበርና የታጠፈ ፍራሽ እየተጫነ ነው። መንገዱ ለወራት ተዘግቶ ከተከፈተ ገና ሁለተኛ ሳምንቱ ነው። ታሪፉ እጥፍ ሆኗል፤ የተከራከረ ሰው ግን አላየሁም። ሁሉም የሚሄድበት ቤት ምን እንደቆየው ስለማያውቅ መሰለኝ፣ ዝም ብሎ ተቀምጧል።

ጭኔ ላይ አንድ ጥቁር ፌስታል አለ። ውስጡ ሹራብ፣ ሸራ ጫማ፣ መታወቂያና የማይሠራ ስልክ ነው። ባለቤቱ ጌታሁን ይባላል፤ የግሼ፣ የራቤል ልጅ ነው። አዲስ አበባ ግንባታ ላይ የቀን ሥራ ሲሠራ ኩላሊቱን ታሞ እኔ በምሠራበት ሆስፒታል ሦስት ሳምንት ተኛ፤ ነሐሴ ላይ ሞተ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። ያኔ መንገዱ ዝግ ነው፤ ስልክም ወደ ራቤል አይገባም። ማዘጋጃ ቤት ቀበረው። ቀብሩ ላይ የነበርነው እኔ፣ አንዲት የጽዳት ሠራተኛና ሁለት ቆፋሪዎች ነን። አሁን ኅዳር ነው። እናቱ እስከ ዛሬ አልሰሙም።

ሐሙስ፣ ረፋድ፣ ጣርማ በር

ከደብረ ብርሃን በኋላ ጉሙ መስታወቱን ሸፈነው። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ ይነዳል። አጠገቤ የተቀመጡት የበግ ነጋዴ ናቸው፤ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል።

"ሥራሽ ምንድን ነው ልጄ?" አሉኝ።

ይህን ጥያቄ ባጭሩ መልሼው አላውቅም። አሥራ አራት ዓመት ነርስ ነበርኩ። አንድ ቀን መድኃኒት ስቆጥር ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን ሞቱ፤ ዞር ስል ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ እንደ በፊቱ መሥራት አቃተኝ። በማታው ክፍለ ጊዜ የካቶሊክ ሐዋርያዊ አገልግሎት የሚባለውን ትምህርት ሁለት ዓመት ተምሬ ማስተርሴን ያዝኩ። ስድስት ነበርን፦ ሁለት ካህናት፣ አንድ አስተማሪ፣ እስር ቤት የሚያገለግል ሰው፣ አንዲት መነኩሲትና እኔ። ለሁለት ዓመት ያህል ስንማር የኖርነው፣ ሲጠቃለል፣ ከሚሠቃይ ሰው አጠገብ መቀመጥን ነው።

በየሳምንቱ ከአንድ በሽተኛ ጋር ያወራነውን ቃል በቃል ጽፈን እናስረክብ ነበር። መምህራችን፣ ሽማግሌ ካህን ናቸው፣ እኔ ያጽናናሁ የመሰለኝን ዓረፍተ ነገር ሁሉ በቀይ ያሰምሩና ዳሩ ላይ "ይህን ያልሽው ለእሱ ነው ወይስ ለራስሽ?" ብለው ይጽፋሉ። ብዙ ጊዜ ለራሴ ነበር። ቀስ በቀስ "አይዞህ፣ ትድናለህ" ማለት ተውኩ። ዝም ብሎ መስማት ለመድኩ። ልማዱ ቤቴም ገባ፤ እህቴ "ካንቺ ጋር ማውራት ፈራሁ፤ ነገሬን ስትሰሚ የምሞት ይመስለኛል" ብላኛለች። ቀልዷን አልነበረም።

ለነጋዴው "የታመመ ሰው አስታምማለሁ" አልኳቸው።

"ሐኪም ነሽ?"

"አይደለሁም። አጠገባቸው እቀመጣለሁ።"

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ሐሙስ፣ አመሻሽ፣ መሐል ሜዳ

ወገቤ ተንቀጥቅጦ አልቋል። ሦስት ኬላ ላይ ወርደን ተፈትሸናል። በሁለተኛው ላይ አንዱ ፈታሽ ፌስታሉን ፈትቶ መታወቂያውን አየና "የማን ነው?" አለኝ። "የሞተ ሰው ነው" ስለው እንደነበረ አስሮ መለሰልኝ።

ጾመ ነቢያት ስለገባ ምግብ ቤቱ ያለው ሽሮ ብቻ ነው። አልጋ የያዝኩበት ቤት ባለቤት ከበግ ጠጉር የተሠራ ዝተት ደርባልኝ ሄደች። ከብዶኝ ነው መሰለኝ ጌታሁንን አሰብኩ።

የሆነውን ልጻፈው። ቅዳሜ ነበር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ቀድሞ ሁለት ጊዜ ቄስ ይጠራልህ ወይ ብዬው እምቢ ብሎኝ ነበር። ያን ቀን ራሱ "ቄስ ጥሪልኝ፤ ንስሐ ልግባ" አለኝ። ልነሳ ስል ደግሞ ማውራት ጀመረ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከአዎና አይደለም ያላለፈ ልጅ ስለ አገሩ፣ ስለ እናቱ፣ ስላጠፋው ጥፋት ያወራኝ ገባ። አላቋረጥኩትም። የተማርኩት ይህንን ነው፤ የሚናገር ሰው አይቋረጥም። ገና ቀናት ያሉት መስሎኝም ነበር። ተናግሮ ሲጨርስ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። ያኔ ወጥቼ አጠገባችን ካለው ቤተ ክርስቲያን አንድ ካህን ለመንኩ፤ ማኅሌት ስላለባቸው ሲነጋ እመጣለሁ አሉ። ቃላቸውን ጠብቀው መጡ። እሱ ግን ሳይነጋ ሞቶ ነበር።

በማግስቱ እንደ ለመድኩት ቃል በቃል ጻፍኩት። የሚያሰምርበት አልነበረም።

ዓርብ፣ ራቤል

በአይሱዙ ጋቢና ነው የደረስኩት። በመንገዱ ግራና ቀኝ የገብስ አጨዳ ነው፤ ግን አጫጆቹ ጥቂት ናቸው፣ እህሉም ሳስቷል። ሹፌሩ በእጁ እያሳየኝ "ውርጭ መታው" አለ። "ያልመታውንም የሚያጭደው ጠፋ። ጎረምሳው የለማ።" የት እንደሄዱ አልጠየቅኩትም።

የደብሩን ቄስ ፈልጌ ቤታቸው ሄድኩ። ቄስ ኃይለ ሚካኤል ስድሳውን የተሻገሩ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። ማንነቴንና ነገሩን ስነግራቸው ተነስተው በሩን ዘጉት።

"እናቱ ዘነቡ ሌላ ልጅ የላትም" አሉኝ። "ባሏም የለ። መርዶው ነገ ሲነጋ ነው የሚነገራት፣ ሰው ተሰብስቦ። እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትዪ።"

"እሺ አባ።"

"ካቶሊክ ነኝ ነው ያልሽኝ?"

"አዎ።"

"ተምረሽበታል?"

"ሁለት ዓመት።"

"ሁለት ዓመት ምን ያስተምሩሻል?"

"ሰው ሲሞት አጠገቡ መሆንን።"

"ይህም ትምህርት ያሻዋል?" አሉ። ለመንቀፍ አልነበረም፤ ገርሟቸው ነው። ከዚያ ሽማግሌዎቹን ሊጠሩ ወጡ።

በር ላይ ድንጋይ መደብ ላይ ብቻዬን ተቀምጬ ሳለ አንዲት እናት ሽቅብ መጡ። ነጠላቸውን እያስተካከሉ አጠገቤ ቆሙ።

"ካዲሳባ እንግዳ መጣ ሲሉ ሰማሁ" አሉ። "አንቺ ነሽ? እኔ ዘነቡ ነኝ። እዚያ ልጅ አለኝ፤ ጌታሁን ይባላል። አገሩ ሰፊ ነው አሉ፤ እንዲያው ምናልባት ታውቂው እንደሁ ብዬ ነው።"

ልዋሽ አፌን ከፈትኩ። አልወጣም። ሁለት ዓመት ሙሉ ያስተዉኝ የማጽናኛ ውሸት ያችን ሰዓት ሊመለስልኝ አልቻለም።

እሳቸውም ዓይናቸውን ዝቅ አደረጉ። ጭኔ ላይ ያለውን ፌስታል አዩ። ቀስ ብለው መደቡን በእጃቸው ዳብሰው አጠገቤ ተቀመጡ።

"መቼ ነው?" አሉኝ።

"ነሐሴ ላይ፣ እማማ።"

አልጮኹም። ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወዲያና ወዲህ ይሉ ጀመር።

"አንቺ ነበርሽ?"

"ነበርኩ።"

"ቄስ ደርሶለታል?"

እውነቱን ነገርኳቸው። መጠየቁን፣ ማውራት መጀመሩን፣ አለማቋረጤን፣ ካህኑ ሲነጋ መምጣታቸውን። ምንም አላስቀረሁም። ስጨርስ ቤተ ክርስቲያኑን አሻግረው አዩ።

"ያን ሁሉ ሰዓት ምን አለሽ?" አሉ።

"የአባቱን በርኖስ ሰርቆ ሸጦ በዚያ ተሳፍሮ እንደሄደ ነገረኝ። ይቅር በይኝ ብሏል ብለሽ ንገሪልኝ አለ። ይህ ነገር ከልቡ አልወጣለትም ነበር።"

እማማ ዘነቡ ያን ጊዜ አለቀሱ፣ ድምፅ ሳያሰሙ።

"በርኖሱ እኮ ቤቴ ነው" አሉ። "የገዛው ሰውዬ የማን እንደሆነ ሲያውቅ በሳምንቱ መልሶልኛል። ሲመጣ ይለብሰዋል ብዬ አስቀምጬለታለሁ። ይህን ሳያውቅ ሞተ በይኛ።"

ከታች የሰው ድምፅ ተሰማ። ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ከዚያ ክንዴን ያዙኝ።

"ስሚኝ። ነገ ሲያረዱኝ አሁን እንደሰማሁ እሆናለሁ። አገሩ ወግ አለው፤ አላፈርስባቸውም። አንቺ ደግሞ ሰው ፊት ሲጠይቁሽ ቄስ ደርሶለታል በዪ። ልጄ ሳይናዘዝ ሞተ ተብሎ እንዲወራ አልፈልግም።"

"እማማ፣ እንዲህ ብዬ መዋሸት..."

"ዕዳው የኔ ነው" አሉና ተነስተው ሄዱ።

ቅዳሜ፣ ሲነጋ

ሣሩ በውርጭ ነጥቷል። ሰው ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ በእማማ ዘነቡ ግቢ ፊት ቆሟል። ቄሱ በሩን ሲያንኳኩ እሳቸው ወጥተው "ምነው በማለዳ፣ በደህናችሁ ነው?" አሉ። ድምፃቸው ከትናንቱ በምንም አይለይም ነበር። ሲነገራቸው ግን የጮኹት ጩኸት የማስመሰል አልነበረም። ሌሊቱን ሙሉ ብቻቸውን የያዙት ነው የወጣው።

በርኖሱን አውጥተው ግቢው መሐል ቁርበት ላይ ዘረጉት፤ ጫማውንና ሹራቡን ከፌስታሉ አውጥተው አጠገቡ አደረጉ። በርኖሱ ጥቁር ነው፣ ጠርዙ አልተበላም። ሴቶቹ ዙሪያውን ከበው እያለቀሱ ስሙን ይጠራሉ።

ልቅሶው ትንሽ ጋብ ሲል ቄስ ኃይለ ሚካኤል ወደ እኔ ዞሩ።

"ቄስ አግኝቷል ልጄ?"

እማማ ዘነቡ ቀና አላሉም።

"ራሱ አስጠርቶ ነበር" አልኩ። "ካህኑም መጥተዋል።"

ከዚህ ውስጥ አንድም የሐሰት ቃል የለም። ሰዎቹ የሰሙት ግን ሌላ ነው፤ እኔም እንደዚያ እንዲሰሙት ብዬ ነው የተናገርኩት። "እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ ብዙዎች ባንድነት፤ ቄሱም ፍትሐቱን ጀመሩ። የግዕዙን ቃል እየሰማሁ ሳለ በዚያ የማታ ክፍል ያን ሁሉ በቀይ የተሰመረበትን ወረቀት አሰብኩ፤ ይህችን ዓረፍተ ነገር ለማን እንደተናገርኩ እስካሁን አላወቅኩም።

እሑድ፣ መመለሻ

እማማ ዘነቡ አይሱዙው እስከሚቆምበት ድረስ ሸኙኝ። ጥቁር ለብሰዋል፤ ፀጉራቸውን ተላጭተዋል። በመሐረብ የቋጠሩትን የገብስ ቆሎ እጄ ላይ አስቀመጡ።

"ይህን ነገር ተሸክመሽ ኑሪ አልልሽም" አሉ። "አልቀየምኩሽም። ያን ቀን ብቻውን አልነበረም፤ ይሄን አውቃለሁ። ብቻ ሁለተኛ አትምጪብኝ። ባየሁሽ ቁጥር ያን ሦስት ሰዓት እቆጥራለሁ።"

"እሺ እማማ" አልኩ።

ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው አቀኑኝ። ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ጋቢና ውስጥ ገብቼ በሩን ስዘጋ እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ቤታቸው ይራመዱ ነበር፣ ሳይዞሩ።

ሹፌሩ የመጀመሪያውን ዳገት ከጨረሰ በኋላ ነው የተናገረኝ።

"ለቅሶ ነው?"

"አዎ።"

"ዘመድሽ ነበር?"

"አይደለም" አልኩት፤ ከዚያ እስከ መሐል ሜዳ ድረስ ቆሎውን ጭኔ ላይ ይዤ አለቀስኩ። ሹፌሩ ሬዲዮውን አጥፍቶ መንዳቱን ቀጠለ።