ወደ ሚክሰሩ ያልገባው ውሃ

ጳጳሱ ብለው የሰየሙት ባልደረቦቹ ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት በሚክሰር መኪና ኮንክሪት ሲያመላልስ፣ ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ ለአፍታ ስለሚቆይ ነው። ሲያሾፉበት አይቆጣም። በጤና አንግቶ ለሥራ ያበቃውን ማመስገን ምኑ ያሳፍራል? የሚያሳፍር ነገር ካስፈለገ ከተማዋን የሚዞረው አውራ ጎዳና አለ።

ክረምቱ ገና ከመውጣቱ የመንገድ እድሳቱ አጥር ይተከላል። ከሦስቱ መስመር ሁለቱ ይዘጋሉ፤ የከተማው መኪና ሁሉ በቀረችው አንዲት መስመር አፍንጫና ጭራ ገጥሞ ይቆማል። «ለጊዜው ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን» የሚለው ሰሌዳ ዘንድሮ ስድስት ዓመት ሞላው። ሁለት ጊዜ ቀለም ተቀብቷል፤ ከመንገዱ ይልቅ እሱ ተንከባካቢ አግኝቷል። በየዓመቱ አንድ ባለሥልጣን ፀሐይ ነክታው የማታውቀው ሄልሜት ደፍቶ ይመጣና እድሳቱ የመጨረሻው መሆኑን ያበስራል። ፎቶ ይነሳል። ከዚያ የተዘጋው መስመር ለእሱ ብቻ ተከፍቶለት ይመለሳል።

መንገዱ በየዓመቱ ለምን እንደሚሰነጠቅ ጳጳሱ ያውቃል፤ ሾፌር ሁሉ ያውቃል። ኮንክሪት ከማምረቻው በወጣ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ካልፈሰሰ መድረቅ ይጀምራል። ከማምረቻው እስከ ሥራው ቦታ ሃያ ደቂቃ ነበር። መንገዱ ሲዘጋ ግን ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ የዘጋውም ያው ኮንክሪቱን የሚጠብቀው ሥራ ነው። ስለዚህ ሾፌሮቹ ሰልፉ ውስጥ እንደቆሙ የመኪናውን የውሃ ቧንቧ ከፍተው ኮንክሪቱ የሚዞርበት በርሜል ውስጥ ይለቁበታል። የደረቀው ይቀጥናል፣ እንደ ሾርባ ይፈሳል፣ ተቀባዩ ይፈርማል። ክረምት ሲገባ ይሰነጠቃል፤ በጋ ሲመጣ አጥሩ ይተከላል። ይህን ለማወቅ ምህንድስና መማር አያስፈልግም፤ ላለማወቅ ነው ብዙ መማር የሚያስፈልገው።

ጳጳሱ ውሃ አይጨምርም። በዚህ የተነሳ ሁለት ጊዜ ጭነቱ ተመልሶበታል። ሦስተኛ ከተመለሰ እንደሚሰናበት የሚገልጽ ደብዳቤ ደርሶታል። ሚስቱ ደብዳቤውን ደግማ አነበበችና ከልጆቹ የትምህርት ቤት ወረቀቶች ጋር አስቀመጠችው።

ያን ማክሰኞ ልክ በሁለት ሰዓት ጭኖ ወጣ። ሩብ ሰዓት እንደነዳ ሰልፉ ዋጠው። በቀኙ ሁለቱ የተዘጉ መስመሮች ባዶአቸውን ተዘርግተዋል፤ አንድ ሠራተኛ፣ አንድ አካፋ እንኳ አይታይባቸውም። ወደ ሥራው ቦታ ደወለና አንዱን መስመር ለሚክሰሮች ብቻ እንዲከፍቱ ለመነ። የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል አሉት። ፈቃዱን የሚፈርመው ሰውዬ የት እንዳለ ቢጠይቅ፣ መንገድ ተዘግቶበት ገና ቢሮ አልገባም ተባለ።

ከፊቱ የቆመው ሚክሰር ሾፌር ወርዶ ወደ መስኮቱ መጣ። የራሱን ቧንቧ ከፍቶ ሲመለስ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ረጥቧል።

«ጳጳሱ፣ ሰዓቱን አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ትንሽ ብትለቅበት ምን ትሆናለህ? ውሃ ጾም አያስገድፍም።»

ጳጳሱ ከአጥሩ ወዲያ ተቆፍሮ የተከመረውን ያምናውን ኮንክሪት ጠቆመው። «ያ ያንተ ነው የኔ?»

«የማንም አይደለም። ስማችን አልተጻፈበት» አለና እየሳቀ ወደ መኪናው ሄደ።

በርሜሉ ሲዞር የሚያሰማው ድምፅ እየከበደ መጣ። ጳጳሱ በጆሮው ያውቀዋል፤ መጀመሪያ ይንሿሿል፣ ቀጥሎ ያጉረመርማል፣ በመጨረሻ ያቃስታል። ሲያቃስት ሥራው ቦታ ደረሰ። አራት ሰዓት ከአሥር።

ፎርማኑን ሾፌሮቹ በሌለበት «አቅጥነው» ይሉታል፤ ከአፉ ሌላ ትእዛዝ ሲወጣ የሰማ የለም። ድንኳን ጥላ ሥር በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጧል። አንጸባራቂ ሰደርያው ንጹሕ ነው፣ ጫማው ንጹሕ ነው፣ እጁማ ከሁሉ ይበልጥ ንጹሕ ነው። ከኮንክሪቱ ጥቂት አስቀዳና ቅጥነቱ በሚለካበት የቆርቆሮ ቅርጽ ውስጥ አስሞላው። ቅርጹ ተነሳ፤ ኮንክሪቱ ዝቅ ሳይል ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ይሄማ ድንጋይ ነው» አለ አቅጥነው ከወንበሩ ሳይነሳ። «ሁለት መቶ ሊትር ልቀቅበት፣ እፈርምልሃለሁ።»

«ሁለት መቶ ሊትር ከገባበት ኮንክሪት መሆኑ ይቀራል፣ አለቃ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ስብከቱን ለእሁድ አቆየው። ደብዳቤ እንዳለብህ አውቃለሁ። የልጆች አባት አይደለህ?»

ጳጳሱ ኮንክሪቱ ወደሚፈስበት የአውራ ጎዳናው ድልድይ አፍ አየ። ብረቱ ታስሮ፣ ጣውላው ተመትቶ፣ ስድስት ሠራተኞች አካፋቸውን ተደግፈው ይጠብቃሉ። የውሃው መክፈቻ ከክንዱ አይርቅም፤ ግማሽ ዙር ይበቃዋል። እጁ ወደዚያ ሲሄድ ተሰማው። ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«ልጆቼ በአውቶቡስ የሚያልፉት በዚህ ላይ ነው» አለ። «ተመላሽ ብለህ ጻፍ።»

አቅጥነው ጻፈ። በምክንያት ቦታ ላይ «ሾፌሩ ዘግይቷል» ብሎ አሰፈረበት። ወረቀቱ ላይ አጥሩ የለም፣ ሰልፉ የለም፣ ባዶዎቹ መስመሮች የሉም። እንዲህ ያለ ሰው ከእንቅልፉ ዘግይቶ ቢነሳ እንኳ ጥፋተኛዋ ፀሐይዋ ናት።

ጳጳሱ ጭነቱን ማስወገጃው ጉድጓድ ወስዶ ገለበጠ። ከዚያ ቧንቧውን ከፈተና በርሜሉን ሦስት ጊዜ አጠበ፤ ተተኪው ሾፌር ድንጋይ እንዳይወርስ። ቁልፉን ሲያስረክብ የስምሪት ኃላፊው ቀና ብሎ አላየውም። ጳጳሱ ለሃያ ሁለት ዓመቱ አመሰገነው፤ ምስጋናው ከልቡ ነበር፤ ሰውየው ግን ሽሙጥ መስሎት ቀላ።

ቤቱ የገባው በእግሩ ነው። በሰልፉ ዳር ሲራመድ እሱ ቀድሞት ያለፈው መኪና ብዛቱ! አንዱ የአቅጥነው ፒካፕ ነበር፤ ጥሩምባውን እየነፋ የተገተረ።

ሚስቱ በቀን ብርሃን በር ላይ ስታየው መጥረጊያዋን አቆመች። ነገራት፤ ሳያሳጥር፣ ሳያሳምር። እሷ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ጨመርክበት?»

«አልጨመርኩም።»

«እንግዲያው ግባና እጅህን ታጠብ» አለችው። «ዛሬ ምሳ ከልጆቹ ጋር ትበላለህ።»