ከግድግዳው ያልወረደችው መግፊያ

አናጢው ጓዴ ነዝናዛ ሰው ነው። ንፋስ መውጫ ውስጥ ቁም ሣጥን ያሠራ ሁሉ ይመሰክርልኛል። መሰንጠቂያ ማሽኑ አጠገብ ሁለት ደቂቃ ከቆማችሁ ወደዳችሁም ጠላችሁም ትምህርቱን ሳትሰሙ አትወጡም። ወፍራም ሣንቃ በጠርዙ አቁሞ ለሁለት መሰንጠቅ ለእሱ የሥራ ሁሉ ቁንጮ ነው። ሣንቃው ከጎኑ ባለው መደገፊያ ብረት ላይ ተለጥፎ መሄድ አለበት። ትንሽ ከራቀ ስንጥቁ ይወላገድና አንዱ ወገን ወፍራም፣ ሌላው ስስ ሆኖ ይወጣል።

"ግራ እጅህ ከመጋዙ በፊት ይጫን! አልፈህ ከተጫንክ ስንጥቁ ይገጥምና መጋዙን ያንቀዋል። መጨረሻ ላይ ደግሞ እጅ የሚባል ነገር የለም፣ መግፊያ ነው!" ይላል። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ አንድን ነገር እንደ እሱ ደጋግሜ ለተማሪ ተናግሬ አላውቅም።

መግፊያዋ ክንድ የምታህል የወይራ ዱላ ናት። ጫፏ የሣንቃውን የኋላ ጫፍ እንዲይዝ ተደርጎ ተጠርቧል። ከማሽኑ በስተኋላ ግድግዳው ላይ በሚስማር ተንጠልጥላ ትኖራለች። ጓዴ ከእስቴ መጥቶ እዚህ ሥራ ከጀመረ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ በእሷ የተነሣ አሥሩም ጣቶቹ አሉ። ሌሎቹ አናጢዎች እጁን እንደ ሙሽራ ይንከባከባል እያሉ ይቀልዱበታል።

አምና ግንቦት ላይ የደብራችን ቄስ አባ ገብረ ሕይወት ወደ ጓዴ መጡ። የመንበሩን በር፣ ማለትም ታቦቱ የሚያርፍበትን መንበር የሚዘጋውን ሣንቃ፣ ምስጥ በልቶታል። ዋንዛ ነው፣ ወፍራም። ፊቱ ዱቄት ሆኗል፤ ጀርባው ግን ደኅና ነው። በእጅ መጋዝ ቢነኩት ይፈረካከሳል። በማሽን ለሁለት ቢሰነጠቅ ግን ደኅናው ግማሽ ተመልሶ በር ይሆናል።

ችግሩ ሣንቃው ሜሮን የተቀባ መሆኑ ነው። ከቄስ በቀር ማንም አይነካውም፤ ጓዴ ደግሞ ዲያቆን እንኳ ሆኖ አያውቅም።

"እኔ እገፋዋለሁ፤ አንተ በአፍህ ምራኝ" አሉት አባ።

"አባቴ፣ ይኼ ማሽን እኮ ቄስ ናቸው ብሎ አይምርም።"

"አስተምረኛ!"

ሁለት ቀን በባሕር ዛፍ ሣንቃ አስተማራቸው። ስድሳ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ግን ሠላሳ ዓመት ቅዱስ ሥጋውን የፈተተ እጅ ስለሆነ አይንቀጠቀጥም። በሁለተኛው ቀን የሰነጠቁት ሣንቃ ከላይ እስከ ታች እኩል ሆኖ ወጣ። ጓዴ የሚነዘንዝበት ነገር ፈልጎ አጣ።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ የጓዴ ሚስት ፍቅርተ የሥራ ቤቱን ጠርጋ ወጣች። እኔ የሰበካ ጉባኤ አባል ስለሆንኩ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አባ ጸሎት አደረሱ፤ ከዚያም ጠበል ረጩ። ማሽኑን፣ መጋዙን፣ መደገፊያውን፣ መሬቱን ሳይቀር ረጩት። ሣንቃውን ከተጠቀለለበት ነጭ ጨርቅ አውጥተው አቆሙት። ጓዴ ማሽኑን አስነሣና በወዲያኛው በኩል፣ የተሰነጠቀው ጫፍ በሚወጣበት፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ።

"ወደ መደገፊያው አባቴ! ዝቅ አድርገው ይጫኑት! ቀስ! እንዲያ ነው!"

መልካም እየሄደ ነበር። የተሰነጠቀው ጫፍ እየወጣ፣ እየወጣ ጓዴ ደረት ድረስ ደረሰ። ስንዝር ያህል ሲቀር ጓዴ መግፊያዋን ከሚስማሯ አውርዶ ዘረጋላቸው።

አባ አዩዋት፤ አልተቀበሉም።

"እሷ አልተባረከችም" አሉ።

የጓዴ ፊት አመድ ሲሆን አየሁ። ስንት ዓመት ሙሉ አገሩን ሁሉ የነዘነዘባትን ዱላ ከግድግዳው አውርዶ ማስባረክ ረስቷል። እኔስ? የጠበሉ ጀሪካን እግሬ ሥር ነበር፤ እንደ ግንድ ቆሜ አያለሁ።

አባ አውራ ጣታቸውን በሣንቃው የኋላ ጫፍ ላይ አሳርፈው መግፋት ጀመሩ።

"ይቁሙ አባቴ!" ብሎ ጮኸ ጓዴ። በማሽኑ ጩኸት ይስሙት አይስሙት አላውቅም። እጃቸውን እንዳይዝ ደግሞ መጋዙ በመካከል አለ። የሣንቃው ጫፍ ግን ፊት ለፊቱ ነው፤ ይዞ ወደ ራሱ ቢስበው አለቀ፣ አባ መግፋት አያስፈልጋቸውም ነበር። ሁለት እጁን አነሣ። በዐይኔ አይቻለሁ፣ አንሥቶ ነበር። ከሣንቃው አንድ ጣት ሲቀረው መልሶ ሰበሰባቸውና ወደ ማጥፊያው ሮጠ። ሦስት እርምጃ ነው።

አጠፋው። ግን ማሽን ቢያጠፉትም ወዲያው አይቆምም። ሣንቃው ሁለት ሆኖ ወጣ፣ ቀጥ ያለ፣ እንከን የሌለው። የአባ ቀኝ አውራ ጣት ከሌባ ጣታቸው ግማሽ ጋር ሄደ።

"ሣንቃውን ደም ነካው?" አሉ መጀመሪያ።

አየሁት። "አልነካውም አባቴ።"

"ተመስገን" አሉና ሰጋቱራው ላይ ተቀመጡ።

ደብረ ታቦር ወስደን አሳከምናቸው፤ ቁስሉ በወሩ ዳነ። ቅዳሴ ግን ቀረ። ሥጋውን የሚፈትቱት በእነዚያ ጣቶች ነበር፤ አካሉ የጎደለ ቄስ ደግሞ ገብቶ አይቀድስም። ይኼን ማንም ሊነግራቸው አላስፈለገም። ከደብረ ታቦር በተመለሱ ዕለት የመቅደሱን ቁልፍ ራሳቸው በግራ እጃቸው አስረከቡ።

ጓዴ ሁለት ወር ሙሉ ማሽኑን አላስነሣም። አንድ ቀን ቤቴ መጥቶ "እጄን አንሥቼ ነበር፤ አይተሃል?" አለኝ። አይቻለሁ አልኩት። "ለምን መለስኩት?" አለኝ። ማንም ሰው እንዳንተ ያደርግ ነበር አልኩት። ውሸቴን ነው፤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

በፍልሰታ ንስሐ ሊገባ ሄደ። የነፍስ አባቱ ራሳቸው አባ ገብረ ሕይወት ናቸው። ያሉትን ራሱ ጓዴ ነው የነገረኝ።

"ሣንቃውን ብትነካው ኖሮ ቀኖና ነበረው ልጄ" አሉት። "ጾም እሰጥህ ነበር፣ ስግደት እሰጥህ ነበር። በአርባ ቀን ያልቅ ነበር።"

"ስላልነካሁትስ አባቴ?"

"ለሱማ ምን ቀኖና አለው? ሥርዓት ጠበቅህ እንጂ ምን በደልክ?"

ጓዴ ተንበርክኮ ለመናቸው። መቶ ስግደት፣ ሁለት መቶ፣ የፈለጉትን ይስጡኝ አለ። አባ ግን ያልበደለን ሰው አልቀጣም ብለው በግራ እጃቸው ባርከው ሰደዱት። ይኼን ሲነግረኝ ትልቁ ሰውዬ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

አሁን እሑድ እሑድ አባ ከእኛ ከወንዶቹ መካከል ይቆማሉ። መጋረጃው ተዘግቶ ከውስጥ የሌላ ቄስ ድምፅ ሲሰማ ከንፈራቸው አብሮ ይንቀሳቀሳል። ጓዴ ከቀኛቸው ነው የሚቆመው። "ስግዱ" ሲባል አብሯቸው ይወድቃል፤ ሲነሡ በሁለት እጁ ክንዳቸውን ይይዛቸዋል። ቅዳሴው እስኪያልቅ አይለቃቸውም።